ጩኸቷ ሌላ፣ እግሯ ሌላ

አስከሬኑ ከተነሣ አንድ ሰዓት አልፎታል፤ ሽማግሌው ግን ከባቡሩ ላይ አልወርድም እንዳሉ ናቸው።

አምለሰት የተጠራችውም ለዚሁ ነበር። ለሟቹ ፖሊስ አለለት፣ ሐኪም አለለት፣ ፎቶ አንሺም አለለት፤ ለሕያው ግን ሰው ጠፋ። ሳጅን ኮሊን በስልክ ሲያስረዳት የሚናገረውን ራሱም የሚያምን አይመስልም ነበር። «አንድ የሰባ አራት ዓመት ሰው ባልደረባቸውን ገጭተው ገድለዋል። በባቡር። በእንፋሎት ባቡር፣ ላቨርተን ኖርዝ ውስጥ። እንግሊዝኛው ድንገት ጠፍቶባቸዋል፤ የሚመልሱልን በአንቺ ቋንቋ ብቻ ነው።»

የሥራ ደህንነት መርማሪ ሆና አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ፎርክሊፍት የጨፈለቀው እግር፣ መደርደሪያ የተናደበት ትከሻ፣ በዚህ የሜልበርን የመጋዘን ሰፈር ያላየችው ጉድ ያለ አይመስላትም ነበር። የእንፋሎት ባቡር ግን ገጥሟት አያውቅም።

ስትደርስ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ከገባች በኋላ ፖሊሱ የብረቱን በር ከኋላዋ ዘግቶ ቁልፉን ወደ ኪሱ ከተተ። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። አምለሰት የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ ዞር ብላ በሩን አየች። ልጅ ሳለች ፍሌሚንግተን በሚኖሩበት ረጅም ፎቅ ሊፍት ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተዘግቶባት ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ የተዘጋ በር አትወድም። ይህን ለማንም አትናገርም፤ መርማሪ ፈሪ ነው እንዲባልባት አትፈልግም።

ባቡሯ ከማደሪያዋ ከሼዱ አርባ እርምጃ ያህል ወጥታ፣ ከውሃው ታንከር አጠገብ ቆማለች። የሠራት ሰው በሞቅታ ነው የሠራት ያሰኛል። ውሃ የሚፈላበት ቦይለሯ መሃል ላይ መቀመጥ ሲገባው ወደ ግራ ገፋ ብሏል፤ ሦስቱ ሲሊንደሮቿ በቀኝ ጎኗ ተደርድረው ቆመዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ከሜልበርን በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች ግንድ እየጎተተች ታወርድ ነበር። ደኑ ሲያልቅ ዝገት ላይ ተጣለች። ጥቂት የአገሩ ሽማግሌዎች ማኅበር አቋቁመው ሊጠግኗት ጀመሩ፤ እነሱ አንድ በአንድ እያረጁ ሲቀሩ የሼዱ ቁልፍ ድሬዳዋ ዴፖ ባቡር ሲነዱ ባረጁት በጋሼ ገብረጻድቃን እጅ ገባ። እሳቸውም የሚያውቁትን ሐበሻ ሁሉ እየጎተቱ አመጡ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባቡሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰች፤ ተንቀሳቅሳም የጥገናውን ኃላፊ ፋንታሁንን ገደለች።

ቢያንስ ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው።

አምለሰት በብረቱ መሰላል ወጥታ ወደ ነጂው ክፍል ገባች። ጋሼ ገብረጻድቃን በስተቀኝ ባለችው ትንሽ ወንበር ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ምድጃው ውስጥ እሳቱ አሁንም ይነዳል።

«ጋሼ፣ አምለሰት እባላለሁ። ይውረዱና ከውስጥ ሆነን እናውራ።»

«እሳት ያለበት ባቡር ብቻውን አይተውም፣ ልጄ። ፖሊሱ አጥፋው ይለኛል። በድንገት ከበረደ ቦይለሩ ይሰነጠቃል። ሰው መግደሌ አንሶ እሷንም ልግደላት?»

አነጋገራቸው አንጀቷን በላው። አጠገባቸው ቆመችና በፊታቸው ባለው መስኮት ተመለከተች። የቀኙ ሐዲድ ወለል ብሎ ይታያል። በግራ በኩል ግን ያለው የቦይለሩ ሆድ ብቻ ነው።

«ግራው ምንም አይታይም?»

«ምንም። ለዚህ ነው ናሱ ያለው።» በአገጫቸው ወደ ሼዱ በር አመለከቱ። «እያንዳንዳችን ስማችን የተቀረጸበት የናስ ታርጋ አለን። ሥራ ላይ ያለ ሰው ናሱን ይዞ ይሠራል። ከሐዲዱ ሲርቅ ሰሌዳው ላይ ይሰቅለዋል። አምስቱም ናስ ካልተሰቀለ ባቡር አይነሣም። የግንድ ጎታቾቹ ሥርዓት ነው፤ በዛፍ መሃል ሰው እየተደፈጠጠ ሲያልቅባቸው ያወጡት ነው ይላሉ።»

«ዛሬስ?»

«አምስቱም ተሰቅሎ ነበር። የፋንታሁንም። ፋንታሁን ከውጭ ሆኖ ቪዲዮ ሊያነሣ ነበርና ባላየውም አልገረመኝም። ሁለቴ አፏጨሁ፤ ጠበቅሁ፤ ተነሣሁ።»

«ፍጥነትዎ ምን ያህል ነበር?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡ።

«በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመኝ ነበር። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ጩኸቷ ሌላ፣ እግሯ ሌላ። ሦስቱም ግን በረርክ ይሉኛል። ሦስት ሰው ሊሳሳት አይችልም። ምናልባት እኔ ነኝ ያረጀሁት።» ቀና ብለው አይዋት። «ልጄ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወህኒ ቢያወርዱኝ ግድ የለኝም። ናሱን የሰቀለ ሰው ሐዲድ ላይ አይገኝም፤ ስደርስበት በሕይወት ነበር ወይ?»

አምለሰት ስልኳን አየች። ሐኪሙ ገና አልደወለም።

ወደ ሼዱ ተመለሰችና ሰሌዳው ፊት ቆመች። አምስት ናስ በአምስት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አራቱ በትንሽ ሰንሰለት የታሰሩ ናቸው። የፋንታሁን ግን የቁልፍ ቀለበት ነው ያለው፤ በቀለበቱ ውስጥ የጣት ግማሽ የምታህል ጥቁር ክር ቀርታለች። ጫፍና ጫፏ በስለት የተቆረጠ ነው።

«ያቺ ምንድን ናት?» አለ ኮሊን ከኋላዋ። «ቅባት የነካው ሲባጎ መስሎን አለፍነው።»

«ለጊዜው በፕላስቲክ አድርጋት» አለችው።

ከሦስቱ መጀመሪያ ያነጋገረቻት ማንተግቦሽን ነው። ማንተግቦሽ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ ክንዷ የደነደነ ሴት። ቢሮ ባደረጉት ኮንቴነር ውስጥ ብርጭቆዎች ተደርድረው ሻዩ ቀዝቅዟል።

«ከፋንታሁን ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ሰው ስለሞተ አልዋሽም። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳት መጠበቅ ተምሬያለሁ። ለዛሬ ብዬ ሺፍቴን ካንስል አደረግሁ። ትናንት ‹አንቺ በመጀመሪያው ቀን ባቡሯ ላይ አትወጪም› አለኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼን ለሻይ ጠራኋቸው። ፋንታሁን እሳቱን እየጠበቀ ቀረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ወጡ። ከዚያ ፉጨቱን ሰማሁ። ከዚያ ያ ድምፅ። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ልቡ ሊፈነዳ የደረሰ ፈረስ ይመስል ነበር። ጋሼ አበዱ እንዴ አልኩ።»

«አየሽው?»

«በሩ ዝግ ነበር፣ ዝናቡ እንዳይገባ። ሰማሁ ነው የምልሽ።»

«ሻይ ስትጠጡስ የሰማሽው ነገር አለ?»

ማንተግቦሽ አሰበች። «ጋሪው። የእጅ ጋሪው ጎማ ሲንጫረር ሰምቻለሁ፤ በጓሮ በኩል አለፈ። ከሰል የሚያመጡ መስሎኝ ነበር።»

ቀጥሎ ዋቅጋሪ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ።

«አቶ ዋቅጋሪ፣ እርስዎና ፋንታሁን ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ወንድም ዋቅጋሪ በይኝ። አዎ ተጣልተናል። ሕዝብ የሚጎበኝበትን ቀን እሑድ አደረገው። እሑድ የጌታ ቀን ነው፤ ቁልፌን እመልሳለሁ አልኩት። ‹መልስ› አለኝ። ደረቅ ሰው ነበር። ግን ልጄ ሆስፒታል ስትተኛ በየቀኑ እየመጣ ይጠይቃት ነበር።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከውጭ፣ መንገዱ ላይ። ትራክ እንዳይገባ በሩን ከውጭ ቆልፌ ቆምኩ። ፖሊስ ሲመጣ የከፈትኩትም እኔ ነኝ። አጥሩ ድፍን ቆርቆሮ ስለሆነ ያየሁት የለም። የሰማሁት ግን መቼም አይረሳኝም። ፍሪዌይ ላይ የገባች ነበር የምትመስለው።»

ሦስተኛው ሙሌ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ባቡሯን የበየደው በያጅ ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ አምለሰትም ሲያለቅስ እንደቆየ ገባት። እጁን ሲዘረጋላት የቲነር ሽታ ሸተታት።

«ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለ ሳትጠይቀው። «ታንከሩ ጋ ቆሜ ነበር። ፋንታሁን ስልኩን ይዞ ወደ ሐዲዱ ገባ፤ ጎማዋን ከቅርብ ሊያነሣ መሰለኝ። ጋሼ ደግሞ እንደ ጉድ ለቀቋት። ጮህኩ። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ደረሰችበት።»

«በዓይንህ አየህ?»

«በዓይኔ በብረቱ። እባክሽ ጋሼን አትክሰሷቸው። አርጅተዋል፤ እጃቸው ከድቷቸው ነው።»

«ናሱን ግን ሰቅሎ ነበር።»

«ይረሳል። ሰው አይደል።»

እንዲህ ሆነና ሦስት ሰው በአንድ ቃል ቆመ። ኮሊን ማስታወሻውን ዘጋ። «አደጋ ነው። ሽማግሌው በቸልተኝነት ይከሰሳሉ። ያሳዝናል፤ ግን አበቃ።»

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አለችው አምለሰት።

ዝናቡን ችላ ብላ ባቡሯን ዞረቻት። በቀኝ በኩል ሲሊንደሮቹ የሚያሽከረክሩት ረጅም ዘንግ በጎማዎቹ ጎን ያልፋል፤ ዘንጉ ላይ ትንንሽ ባለጥርስ ማርሾች፣ ጎማዎቹ ላይ ደግሞ ትልልቆች አሉ። ጣቷን እያስነካች ጥርሶቹን ቆጠረች። ትንሿ አሥራ ስምንት፣ ትልቁ አርባ አምስት። ደግማ ቆጠረች። ዘንጉ ሁለት ተኩል ጊዜ ዞሮ ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የሽማግሌው ቃል ትዝ አላትና ለብቻዋ ራሷን ነቀነቀች።

በግራ በኩል ግን መተኛት ነበረባት። በጀርባዋ ተንፏቃ ከባቡሯ ሥር ገባች። ከላይዋ የብረት ጣሪያ አፍንጫዋን ሊነካት ምንም አልቀረው፤ የፈላ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሙቀቱ ያፍናል። ከላይ ይህን ሁሉ ብረት የያዘው አንድ ሽማግሌ እጅ ብቻ እንደሆነ አስታወሰች። የሊፍቱ ጨለማ መጣባት። ዓይኗን ጨፍና እስከ አሥር ቆጠረች፤ ከዚያ ባትሪዋን አበራች።

የፋንታሁን ደም አልነበረም የፈለገችው። የፈለገችው ፋንታሁን ጠዋት እሳት ሲጠብቅ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር ነው። ጠንቃቃ ሰው ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት የመጨረሻውን ፍተሻ ያደርጋል። ስለዚህ ፍሬኑን ታየዋለች።

የኋለኛው ፍሬን ማንጠልጠያ ብረት በጥቁር ቀለም ያንጸባርቃል። አጠገቡ ያሉት ብረቶች ግን አቧራና ዘይት ጠጥተው ደብዝዘዋል። አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ቀለሙ እርጥብ ነበር። ጠረግ ስታደርገው ከሥሩ ነጭ የጠመኔ መስመር ብቅ አለ፤ ሌላ መስመር አቋርጦታል። ከመስቀሉ መሃል ደግሞ በብየዳው ላይ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ትታያለች። ከስንጥቁ ዝቅ ብሎ በያጁ የመታው ማኅተም አለ። አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር።

ተንፏቃ ወጣች። ቀጥ ብላ ስትቆም፣ የደመናው ሰማይ እንደዚያ አምሮ የታያት ቀን አልነበረም።

ማንተግቦሽ ስለ ጠመኔው ስትሰማ ወዲያው ገባት። «የፋንታሁን ልማድ ነው። የማይረባ ዕቃ ካየ በጠመኔ መስቀል ያደርግበታል። ከዚያ መጀመሪያ ለሠራው ሰው ፊት ለፊት ይነግረዋል። ሳይነግረው ሪፖርት አይጽፍም። ነውር ነው ይል ነበር።»

«ቀለሙስ መቼ ተቀባ?»

«ቀለሙ? ከተጨረሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

አምለሰት ኮሊንን ወደ ጥግ ወስዳ አነጋገረችው። ኮሊን መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። ቦታው ተለክቷል፣ ፎቶ ተነሥቷል፤ እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ወደ ጋሼ ገብረጻድቃንም ወጣች።

«ጋሼ፣ ያቺን ጠዋት የተጓዙባትን አርባ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱልኝ። የኋለኛውን ፍሬን እንዳይነኩ። ሼዱ በር ላይ፣ ሐዲዱ ላይ ማቆሚያ እንጨት አጋድመናል።»

«በእንፋሎቷ እይዛታለሁ» አሉ ሽማግሌው። እጀታውን ጨበጡ። «ግን ልጄ፣ ብትበርስ?»

«እኔ ከጎንዎ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ሦስቱንና ኮሊንን ኮንቴነሩ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘጋችባቸው። «ስሙና ፍጥነቷን ገምቱ» አለቻቸው።

ፉጨቱ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ተነሣ። ሲሊንደሮቹ መጀመሪያ ተከታትለው ተነፈሱ፣ ከዚያ ትንፋሹ እርስ በርሱ ተደራረበ፤ ኮንቴነሩ ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ማንተግቦሽ ጆሮዋን ያዘች። ዋቅጋሪ የጌታን ስም ጠራ። ኮሊን «በሰዓት ስልሳ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ «ሰማንያ፣ ኧረ ይህች ሴት ልትሞት ነው» ብሎ በሩን በረገደው።

አምለሰት እጇን ኪሷ ከትታ በዝናብ ውስጥ ትራመዳለች። ባቡሯ አጠገቧ ናት። ያን ሁሉ ጩኸት እየጮኸች እንደ ጠገበች በሬ ትጎተታለች። እንዲያውም አምለሰት ቀደመቻትና ቆም ብላ ጠበቀቻት።

ሽማግሌው ባቡሯን ሼዱ በር ላይ አቁመው በመስኮቱ ብቅ አሉ። ከጠዋት ወዲህ ፊታቸው ላይ ደም ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

ሁሉም ሼዱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ከላይ ከመስኮታቸው፣ ሌሎቹ ከታች፤ የሚባለውን አምለሰት ለኮሊን በእንግሊዝኛ ትመልስለታለች። አምለሰት ፀጉሯን በመዳፏ ጨመቀች።

«ይህች ባቡር የተሠራችው ለሩጫ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ቀጥ ባለ ዳገት፣ በጠማማ ሐዲድ ላይ ግንድ እንድትጎትት ነው። ሞተሯ ብዙ ይዞራል፣ ጎማዋ ጥቂት ይሄዳል። ለዚህ ነው የማታውቃት ጆሮ የምትበር የሚመስላት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከጋሼ በቀር የሚያውቃት አልነበረም፤ ዘጠኝ ዓመት አብራችኋት ኖራችሁ ስትሄድ ሰምታችኋት አታውቁም። ማንተግቦሽም ወንድም ዋቅጋሪም አልዋሹም። ‹ሰማን› አሉ፤ የሰሙትን ነገሩኝ። ‹አየሁ› ያለኝ አንድ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ሙሌ አልዞረም፤ ግን ሁሉም ራቅ አሉለት።

«ሙሌ፣ ታንከሩ ጋ ቆሞ በዓይኑ ያየ ሰው እንደ ጉድ ተለቀቀች ሊል አይችልም። ባቡሯ እስክትደርስ ፋንታሁን ሻይ ጠጥቶ ሊሸሻት ይችል ነበር። አንተ አየሁ ያልከው ጆሮህ የነገረህን ነው። ታንከሩ ጋ አልነበርክም፤ ከማይታይ ቦታ ሆነህ ነው የሰማኸው።»

«ደንግጬ ነው» አለ ሙሌ። «ሰው ሲሞት የሚያይ ሰው ሰከንድ ይቆጥራል?»

«ልክ ነህ፤ አይቆጥርም። ስለዚህ ወደ ናሱ እንሂድ።» ፕላስቲኩን አነሣች። «ኮሊን ይህን ሲባጎ አለው። ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ግን ያውቀዋል፤ ማዕተብ ነው። ፋንታሁን ናሱን በቀለበት አድርጎ ማዕተቡ ላይ ነበር የሚያንጠለጥለው። ሊሰቅለው ሲፈልግ ቀለበቱን ያላቅቃል። ክርስትና የተነሣበትን ክር ከአንገቱ በቢላ ቆርጦ ሚስማር ላይ የሚሰቅል ሰው የለም። የቆረጠው ሌላ እጅ ነው፤ ቀለበቱን ለማላቀቅ ጊዜ ያልነበረው እጅ። ናሱ ካልተሰቀለ ጋሼ እንደማይነሡ የሚያውቅ እጅ።»

ማንተግቦሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ያ እጅ ጋሼና ማንተግቦሽ ሻይ ሲጠጡ አስከሬኑን በጋሪ ጭኖ በጓሮ ወስዶ፣ ከጋሼ ዓይን በተሰወረው በግራው ሐዲድ ላይ፣ ከታንከሩ ጀርባ አስተኝቶታል። ጋሪው ሲያልፍ ሁለቱም አብረው ነበሩ። ወንድም ዋቅጋሪ ከቆለፉት በር ውጭ ነበሩ። የቀረው አንድ ሰው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከባቡሯ ሥር ተጽፏል። የፍሬኑ ማንጠልጠያ ተሰንጥቋል፤ ፋንታሁን ጠመኔ አድርጎበታል፤ አንድ ሰው ዛሬ በዝናብ ቀለም ቀብቶበታል። የበያጁ ማኅተም የአንተ ነው። እጅህ አሁንም ቲነር ቲነር ይሸታል።»

ሙሌ እጁን ከኋላው ደበቀ። አፉ ግን አልተሸነፈም። «ቀለም መቀባት ሰው መግደል ነው እንዴ? ክር መቁረጤን ማን አየ? ጋሪ ስገፋ ማን አየ?»

ኮሊን በጆሮዋ ተጠጋ። «እውነቱን ነው። ጠበቃ ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት ይበትነዋል።»

አምለሰትም ታውቀዋለች። እጇ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነበር። የሚሰማው ዝናቡና የቦይለሩ ቀስ ያለ እስትንፋስ ነው።

ያኔ ከላይ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«ሙሌ፣ ልጄ።»

ሙሌ ቀና አለ።

«ማን ገደለው ብዬ አልጠይቅህም። ያ የመንግሥት ሥራ ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሐዲዱ ላይ ስታስተኛው ይተነፍስ ነበር? እኔ እኮ አልፌበታለሁ። ጎማዋ ስትነሣ ተሰምቶኛል። በሕይወት ከነበረ የገደልኩት እኔ ነኝ። የቀረችኝን ዕድሜ ይህን ሳላውቅ አታስኖረኝ።»

ሙሌ በሩን አየ፤ ተቆልፏል። ሰሌዳውን አየ። ዘጠኝ ዓመት ምሳቸውን እያካፈሉ፣ ብየዳውን እያወደሱ፣ የልጁን ክርስትና አባት የሆኑለትን ሰው አየ። አላውቅም ካለ ይድን ይሆናል። ሽማግሌው ግን አይድኑም።

ሙሌ የብረት ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ሞቶ ነበር፣ ጋሼ።»

ኮሊን ማስታወሻውን ከፈተ።

«ስንጥቁን አሳየኝ። አንድ ጊዜ በሌላ ሥራ ሪፖርት ተደርጎብኛል፤ ሁለተኛ ከተጻፈብኝ ላይሰንሴን ይወስዱታል። ለመንኩት። ‹ነገ የሚሳፈሩት ልጆች ናቸው› አለኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ሐዲዱን መታው። ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ረጅም ጊዜ አዳመጥኩ። ምንም አልነበረም። እርስዎ አልገደሉትም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ከመስኮቱ ቁልቁል እያዩት ቆዩ። «ያ ጆሮህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔን በረረ ያለው ጆሮህ። እሱን ልመነው?»

ሙሌ አንገቱን ደፋ።

ኮሊን ሙሌን እየመራ ሲያስወጣው የብረቱ በር ተከፈተ፤ አምለሰት የገባውን ነፋስ እስከ ሳንባዋ ሳበችው። ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ የተናገረውን ጸጥ ብላ ሰማች፣ አንድ ነገር ደግማ ጠየቀች፣ ከዚያ መሰላሉን ወጣች።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ነው የደወለው። ጎማው የነካው ቦታ አልደማም። የሞተ ሰው አይደማም። እርስዎ ከመነሣትዎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ ሞቷል ይላል። በጆሮ አይደለም ያወቀው።»

ጋሼ ገብረጻድቃን ኮፍያቸውን አነሡ፤ ሊያጠልቁት ፈልገው ተዉትና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ታች ተጣሩ።

«ማንተግቦሽ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ነይ ወደ ላይ ውጪ። እሳቱን ያዥልኝ። ቀስ እያልሽ አብርጃት፤ እንዳትቸኩዪ።»

ማንተግቦሽ ናሷን ከሰሌዳው አውርዳ አንገቷ ላይ አጠለቀችና መሰላሉን ወጣች። ሽማግሌው አካፋውን አስረከቧት። አምለሰት ክንዳቸውን ይዛ እያንዳንዱን እርከን አወረደቻቸው፤ ጉልበታቸው ደርቆ ነበር።

ወደ በሩ ትወስዳቸው ጀመር። እሳቸው ግን እጃቸውን አስለቀቁና በባቡሯ ፊት ዞረው፣ በዝናቡ ውስጥ በግራው ሐዲድ በኩል እየተራመዱ ሄዱ። ታንከሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከወንበራቸው ሆነው ሊያዩት ያልቻሉትን ቦታ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሐዲዱ ላይ ተቀመጡና ለፋንታሁን አለቀሱለት።